የኩዊልት መለማመጃ ቁራጮችን ለቁም ነገር ማዋል፦ ከመለየት እስከ መገጣጠም

ፍሪ ሞሽን ኩዊልቲንግ የሚለማመድ ሰው ቤት አንድ የማይቀር ነገር አለ። በፌስታል የታጨቀ ወይም በመሳቢያ የተደራረበ የመለማመጃ ጨርቅ። አንዱ ላይ ጠጠር የሚመስል ንድፍ ተሰፍቷል፣ አንዱ ላይ የላባ ንድፍ፣ ሌላው ላይ ገና ያልተገራ እጅ የሰራው ጥምዝምዝ መስመር። ለመጣል ያሳሳል፣ ለማስቀመጥ ደግሞ ቦታ ይፈጃል።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ኩዊልት በሁለት ጨርቅ መሃል የጥጥ ንጣፍ ገብቶ ሦስቱም አብረው የሚሰፉበት ሥራ ነው። በፍሪ ሞሽን ሲሰፋ ጨርቁን የሚጎትቱት የማሽኑ ጥርሶች ወደ ታች ይወርዳሉ። ጨርቁን የሚጫነው ተራው የማሽን እግር ወጥቶ ከመርፌው ጋር ብድግ ቁጭ የሚል ልዩ እግር ይገጠማል። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ወደፈለጋችሁት አቅጣጫ የምትወስዱት እናንተው ናችሁ። እኛ አገር በስፌት መኪና የሀበሻ ቀሚስ ጥልፍ የሚጠልፉ ሰዎች ይሄን የእጅ እንቅስቃሴ ያውቁታል። መርፌው ባለበት ሆኖ ጨርቁ ነው የሚዞረው።

ኩዊልት ትልቅ ባህል በሆነባት አሜሪካ በማሽን የተሰፋ ሥራ ለረጅም ጊዜ ከእጅ ሥራ ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ኬንታኪ ውስጥ ፓዱካ በምትባል ከተማ፣ የአሜሪካ ኩዊልት ሠሪዎች ማኅበር ባዘጋጀው ውድድር፣ የፀሐይ ግርዶሽን የሚያሳይ በማሽን የተሰፋ ኩዊልት የአጠቃላይ አንደኝነቱን ወሰደ። በማሽን የተሰፋ ሥራ ያንን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። እዚያ ደረጃ የሚደርስ እጅ ብዙ ጨርቅ ይበላል። ስለዚህ ክምሩ አያሳፍራችሁ።

እንደኔ እምነት የመለማመጃ ቁራጭ ትልቁ ድካም ያለቀለት ጨርቅ ነው። ተደራርቧል፣ ተወጥሯል፣ ተሰፍቷል። የቀረው መቁረጥና ጠርዝ ማልበስ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። "ቦርሳ ልሥራ" ብሎ ይነሳና ለቦርሳ የማይሆን ቁራጭ ያበላሻል። እኔ የምመክረው ቁራጩን ቀድማችሁ እንድታዩት ነው። የስፌቱ ጥግግት፣ ክሩና መሃሉ ያለው ንጣፍ ምን መሆን እንደሚችል ይወስናሉ።

አንደኛ፦ ቁራጮቹን ለዩ

ጠረጴዛ ላይ በደንብ በሚያበራ መብራት ስር አስቀምጧቸው። አንድ በአንድ በእጃችሁ ያዙ፣ እጠፉ፣ ገልብጡ።

መጀመሪያ ጥግግቱን እዩ። ትንንሽ ጠጠር በጠጠር ላይ የተሰፋበት ቁራጭ ድርቅ ይላል። ሲያነሱት አይንጠለጠልም። ይሄ ለቦርሳ፣ ለስኒ ማስቀመጫ፣ ለደብተር ልባስ ጥሩ ነው። ሰፋ ሰፋ ያሉ መስመሮች ያሉት ደግሞ ለስላሳ ነው፣ በቀላሉ ይታጠፋል። እሱን ገላን ለሚነካ፣ ለሚተኛበት፣ ለሚደገፉት ነገር አስቀሩት። አንድ ቁራጭ ላይ ሁለቱም ካሉ፣ ብዙ ጊዜ አሉም፣ መሃል ለመሃል ለመቁረጥ አትፍሩ።

ቀጥሎ ጀርባውን ገልብጡ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ምክንያቱም የቁራጩ እውነት ያለው ጀርባው ላይ ነው። መስመሩ ጥምዝ ላይ ሲደርስ የታችኛው ክር ቀጥ ብሎ ተወጥሮ፣ የላይኛው ክር ደግሞ በትንንሽ ቀለበት ወደ ጎን ተስቦ ካያችሁ፣ እጃችሁ ጥምዙ ላይ ፈጥኗል ወይም የላይኛው ክር ላልቷል ማለት ነው። ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ ሳብ አድርጉት። ክሩ ጥፍር ከያዘ፣ የሕፃን ጣትም ቀለበትም ይይዛል። እንዲህ ያለው ቁራጭ ጀርባው በሌላ ጨርቅ ወይም በገበር ለሚሸፈን ሥራ ብቻ ይሁን። የማይይዘው፣ ሁለቱም ፊት ንጹሕ የሆነው፣ እንዳለ መታየት ይችላል።

ሦስተኛው ጥያቄ መሃሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር? ለቦርሳ ለውጥ የለውም። ለድስት መያዣ ግን ትልቅ ለውጥ አለው። ጥጥ በኃይለኛ ሙቀት ያርራል፣ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ማስታወስ ካልቻላችሁ ከጠርዙ ትንሽ ንጣፍ ምዘዙ። በወረንጦ ይዛችሁ ከማጠቢያው ገንዳ በላይ ለኩሱት። የወረቀት ሽታ ሸቶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ተኮማትሮ፣ ፕላስቲክ ሸቶ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ከሆነ ፖሊስተር ነው። ሁለቱንም ካደረገ ድብልቅ ነው፣ እንደ ፖሊስተር ቁጠሩት። የላይና የታች ጨርቁንና ክሩንም በዚሁ መንገድ ፈትሹ። አቡጀዴ ላይ የተለማመደ ሰው ጨርቁ ከጥጥ እንደሆነ አስቀድሞ ያውቃል።

የለያችሁትን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ በስፒል ያዙት። "ጥጥ፣ ደረቅ" ወይም "ፖሊስተር፣ ለስላሳ፣ ጀርባው መጥፎ"። ይሄን ሳያደርጉ መቀስ ማንሳት አያዋጣም።

ሁለተኛ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ

የጥጥ ንጣፍ ሲታጠብ ይሰበሰባል። 50 ሴንቲ ሜትር የነበረ ቁራጭ ሲወጣ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ቆርጣችሁ ሰፍታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከሚያጥር፣ አሁን ይጠር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ንድፉን በውኃ በሚጠፋ ሰማያዊ ብዕር ስላችሁ ከሆነ ካውያ ከመንካቱ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ንከሩት። ሙቀት ካገኘው ቀለሙ ጨርቁ ላይ ሊቀር ይችላል። በካውያ ሙቀት የሚጠፋው ብዕር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የጠፋ ይመስላል እንጂ ኃይለኛ ብርድ ሲነካው ተመልሶ ይታያል። ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር የምትኖሩ መኪና ውስጥ የተረሳ ቦርሳ ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። እሱንም እጠቡት።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ ስፉ፣ ከዚያ ቁረጡ

ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ነው። የፍሪ ሞሽን መስመር ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። መሃሉን ስትቆርጡት ክሩ በሃያና በሠላሳ ቦታ ይበጠሳል። ከዚያ በያንዳንዱ መታጠብ ከጠርዙ ትንሽ ትንሽ እየተረተረ ይሄዳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የምትፈልጉትን ቅርጽ በማስመሪያ አስምሩ። ከመስመሩ በ3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ በተራው እግር፣ አጠር ባለ ስፌት ዙሪያውን ስፉ። ጎታች ጥርሶቹን ወደ ላይ መመለስ እንዳትረሱ። ከዚያ መስመሩ ላይ ቁረጡ። የተሰፋው ዙሪያ ሁሉንም የተበጠሰ ክር ይይዛል፣ በኋላም ጠርዙን የምታለብሱት ጨርቅ ይሸፍነዋል።

ለሚከተሉት ሥራዎች ሁሉ ይሄ ደንብ ነው፤ ደግሜ አልጽፈውም።

የድስት መያዣ

ለመጀመሪያ ሥራ ይሄን የምመርጠው ትንሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጠርዝ ማልበስን በደንብ ያስተምራል፣ አራት ማዕዘን አለውና። አንዱን ከጨረሳችሁ ትልቅ ኩዊልት ጠርዝ ማልበስ አያስፈራችሁም።

የሚያስፈልጋችሁ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የሆኑ፣ በ20 በ20 ሴንቲ ሜትር የተቆረጡ ሁለት የመለማመጃ ቁራጮች፣ ለጠርዝ የሚሆን 6.5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.10 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጥጥ ጨርቅ፣ ወፍራም መርፌ (100/16)፣ የጥጥ ክር።

1. ሁለቱን ቁራጮች ጀርባና ጀርባቸውን አገናኙ። የከፋው ፊት ወደ ውስጥ ይግባ። ሙቀት የሚመልሰው፣ የሚያብረቀርቀው ንጣፍ ካላችሁ መሃል አስገቡት። ከሌላችሁ ሁለት የጥጥ ንጣፍ አለና ለተራ ድስት ይበቃል። ከምድጃ ውስጥ ለሚወጣ ትሪ ግን ሦስተኛ ቁራጭ ጨምሩ።

2. ዙሪያውን በ3 ሚሊ ሜትር ስፉ። ማሽኑ ከከበደው ማዕዘን ላይ በፔዳል አትግፉት። በቀኝ ያለውን መዘውር በእጃችሁ አዙሩ።

3. የጠርዙን ጨርቅ በቁመቱ ለሁለት አጥፋችሁ ተኩሱት። አሁን ስፋቱ 3.25 ሴንቲ ሜትር ነው።

4. ክፍቱን ወገን ከቁራጩ ጠርዝ ጋር እኩል አድርጉ። ከማዕዘን አትጀምሩ፣ ከአንዱ ጎን መሃል ጀምሩ። ከጫፉ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳትሰፉ ተዉ። በ8 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ ስፉ።

5. ማዕዘን ሊደርስ 8 ሚሊ ሜትር ሲቀረው አቁሙ። ወደኋላ መልሳችሁ እሰሩና ከማሽኑ አውጡት። አሁን የጠርዙን ጨርቅ ወደ ላይ፣ ወደ ውጭ እጠፉት። ማዕዘኑ ላይ ሰያፍ መስመር ይሠራል። እሱን በጣታችሁ ይዛችሁ ጨርቁን መልሳችሁ ወደ ታች፣ በሚቀጥለው ጎን ላይ አስተኙት። የላይኛው እጥፋት ከቁራጩ የላይ ጠርዝ ጋር ትክክል መሆን አለበት። ከዚያ ጠርዝ ጀምራችሁ መስፋት ቀጥሉ። ስትገለብጡት ማዕዘኑ ጥርት ብሎ ይወጣል።

6. አራቱንም ዞራችሁ ስትመጡ ሁለቱን ጫፎች ገጥማችሁ አንድ ላይ ስፉና የቀረውን ክፍተት ዝጉ።

7. ጠርዙን ወደ ሌላው ፊት አዙራችሁ በእጅ ቀምቅሙት። በማሽንም ይቻላል። ግን ይሄን ያህል ወፍራም ነገር ላይ የእጅ ቅምቀማ ያምራል፣ ልፋቱም ትንሽ ነው።

8. ለማንጠልጠያ ከተረፈው የጠርዝ ጨርቅ 12 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አንዱ ማዕዘን ላይ አጥብቃችሁ ስፉ።

ስትጠቀሙበት ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ። የረጠበ መያዣ ሙቀቱን በቅጽበት ወደ እጅ ያሳልፋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ለማንሳት ረዘም ያለ፣ 15 በ25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብትሠሩ ይሻላል። እንፋሎቱ ክንዱን እንዳያገኘው ይከልላል።

ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚገቡ የጎድጓዳ ሳህን ማቀፊያዎችን ከመለማመጃ ቁራጭ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ጨርቁ፣ ንጣፉ፣ የላይም የታችም ክር መቶ በመቶ ጥጥ መሆኑን ካላወቃችሁ እሳት ሊነሳ ይችላል። የመለማመጃ ቁራጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የተረፈ ክር ሁሉ ያለቀበት ነው። ትኩስ ሳህን ከማይክሮዌቭ ከወጣ በኋላ ይዞ ለመሄድ ግን በጣም ጥሩ ነው።

ለቡና ሥነ ሥርዓት

የኩዊልት ቁራጭ ከቡና ዕቃ ጋር እንዲህ ይስማማል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ስኒ ሲቀመጥ አይንኳኳም፣ የፈሰሰ ቡና ይመጥጣል፣ ይታጠባል።

ጥቅጥቅ ብለው የተሰፉትን ውሰዱ። ለረከቦቱ የላይ ስፋት ልክ አንድ ቁራጭ ቁረጡ። ከሁሉ የሚሻለው ጠቆር ያለ ወይም ቡናማ ጨርቅ ነው፣ አቡጀዴ ላይ የቡና እድፍ አይለቅም። ጠርዝ ማልበስ ካልፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። በዚያው ልክ አንድ ሽፋን ጨርቅ ቁረጡ። ከቁራጩ ጋር ፊትና ፊት አገናኙ። ዙሪያውን በ6 ሚሊ ሜትር ስፉ፣ 7 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ማዕዘኖቹን ስፌቱን ሳትነኩ በሰያፍ ቁረጡ። ገልብጡ፣ ማዕዘኖቹን በሹል ነገር ሳይሆን ጫፉ በደነዘ ነገር ግፉ፣ ተኩሱ፣ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ዙሪያውን ስፉ። ክፍተቱም አብሮ ይዘጋል። ለብርጭቆና ለስኒ ማስቀመጫም ይሄው ነው፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ከማቶቱ ስር የሚነጠፍ ሠላሳ በሠላሳ የሆነ ቁራጭም ጠረጴዛና ምንጣፍ ያድናል። ማቶቱን ግን አይተካም። ከከሰል የወረደ ጀበና ጨርቅ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ።

በርጩማ ላይ የሚደረግ መቀመጫ ደግሞ የእኔ ምርጫ ነው። የበርጩማውን አናት በወረቀት ንደፉ። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ መሙያው የሚገባበት ክፍት ትታችሁ ፊትና ፊት ስፉ፣ ገልብጡ። መሃሉን በምን እንሙላ? በማይረቡት የመለማመጃ ቁራጮች። ሦስት አራቱን በዚያው ቅርጽ ቆርጣችሁ ደራርቡ። እንደ ስፖንጅ አይደቅም። ስር በሁለት ጎን ማሰሪያ ስፉለት፣ እንዳይንሸራተት።

ዚፕ ያለው ትንሽ ቦርሳ

ይሄ ለስጦታ ሁሌም ይሆናል። የጀርባው ክር የተዝረከረከ ቁራጭ እዚህ ቦታውን ያገኛል፣ ገበሩ ይሸፍነዋልና።

ከመለማመጃው ሁለት፣ ከገበሩ ሁለት፣ ሁሉም 24 በ18 ሴንቲ ሜትር። ዚፑ የናይለን ሆኖ ከ24 ሴንቲ ሜትር ቢረዝም ጥሩ ነው። ትርፉ በኋላ ይቆረጣል፣ የዚፑ ራስም ስትሰፉ መንገድ አይዘጋባችሁም። የዚፕ እግር ግጠሙ።

1. አንዱን ቁራጭ ፊቱን ወደ ላይ አስተኙ። ዚፑን ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ በረጅሙ ጠርዝ ላይ አስቀምጡ። ገበሩን ፊቱን ወደ ታች ከላይ ደርቡ። ሦስቱንም በ6 ሚሊ ሜትር ስፉ።

2. በሌላው ወገን ያንኑ ድገሙ።

3. ሁለቱንም ወደ ውጭ ገልብጣችሁ ተኩሱ። ዚፑ አጠገብ በፊት በኩል አንድ መስመር ስፉ። ገበሩ ዚፑ ውስጥ እንዳይያዝ የሚያደርገው ይሄ መስመር ነው።

4. ዚፑን እስከ ግማሽ ክፈቱ። ይሄን ከረሳችሁ ቦርሳው አይገለበጥም።

5. የኩዊልቱን ቁራጮች ፊትና ፊት፣ ገበሮቹንም ፊትና ፊት አገናኙ። ዙሪያውን በ1 ሴንቲ ሜትር ስፉ። የገበሩ ስር ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ዚፑ ላይ ስትደርሱ ቀስ በሉ፣ የብረት ማቆሚያ ካለ መርፌ ይሰብራል።

6. ከስፌቱ ትርፍ ውስጥ ያለውን የጥጥ ንጣፍ በመቀስ አሳጥሩ። ስፌቱ ጎን ላይ ካላበጠ ቦርሳው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዚፑን ቆርጣችሁ አስተካክሉ።

7. በገበሩ ክፍተት በኩል ገልብጡ፣ ክፍተቱን ዝጉ።

ላባ የተሰፋበት ቁራጭ ካላችሁ የላባውን ግንድ በሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ላባው መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆም በሰያፍ ተቆርጦ ሲወጣ የታሰበበት ይመስላል። ጥምዙ የተበላሸውም ቦታ አብሮ ይቆረጣል።

ብዙውን ገጣጥሞ አንድ ትልቅ ነገር

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሃያ ቁራጭ ላለው ሰው ክምሩን አያጎድልም። ቁራጮቹ ብዙ ከሆኑ እርስ በርስ ገጥሟቸው። የሶፋ ልባስ፣ የሕፃን መጫወቻ ምንጣፍ፣ የሽርሽር ምንጣፍ ይወጣቸዋል። ቀድሞ የተሰፋ ኩዊልትን መገጠም ግን የራሱ ዘዴ አለው። ዝም ብሎ ሁለቱን ደርቦ መስፋት መሃል ላይ ወፍራም ጉብታ ይሠራል።

ሁሉንም በአንድ ልክ ቁረጡ። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ለጀማሪ ይመቻል። ውፍረታቸው ተመሳሳይ ይሁን፣ ወፍራምና ቀጭን አብሮ ጥሩ አይቀመጥም።

ለያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ረጃጅም ማያያዣ ጨርቅ ያስፈልጋል። ለፊት 2.9 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው። ለጀርባ 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በቁመቱ ለሁለት ታጥፎ የተተኮሰ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ጠርዝ ያዙ። የፊቱን ማያያዣ ፊት ላይ፣ ፊትና ፊት አድርጋችሁ አስቀምጡ። የታጠፈውን ማያያዣ ደግሞ ጀርባው ላይ፣ ክፍት ጠርዙ ከቁራጩ ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በ6 ሚሊ ሜትር ስፉ። አሁን ሁለተኛውን ቁራጭ አምጡ። የፊቱን ማያያዣ ያልተሰፋ ጠርዝ ከሁለተኛው ቁራጭ ጋር ፊትና ፊት አድርጋችሁ በ6 ሚሊ ሜትር ስፉ። ዘርጉት። የሁለቱ ቁራጮች ጠርዝ መሃል ላይ ጎን ለጎን ይገናኛል፣ አንዱ በአንዱ ላይ አይወጣም። ጉብታ የማይኖረው ለዚህ ነው። ገልብጡት። ጀርባ ላይ ያለው የታጠፈ ማያያዣ ክፍተቱን አልፎ ይሸፍናል። እሱን በእጅ ቀምቅሙት ወይም በማሽን ጠርዙ ላይ ስፉት።

መጀመሪያ ቁራጮቹን በረድፍ ገጥሙ። ከዚያ ረድፍን ከረድፍ በረጅም ማያያዣ ያዙ። የመስቀለኛው ቦታ እንዲገጥም ስፒል ብዙ ተጠቀሙ። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን እንደ ድስት መያዣው ጠርዝ አልብሱ።

የተለያየ ቀለም፣ የተለያየ ንድፍ መሆኑ አያስጨንቃችሁ። ማያያዣውን በሙሉ በአንድ ጥቁር ሰማያዊ ወይም በአንድ ቀይ ጨርቅ ከሠራችሁት ሁሉንም አንድ ያደርጋል። ይሄ የኩዊልት ሠሪዎች የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ለሕፃን ከሆነ ግን ጥፍር የሚይዘው ጀርባ ያለው ቁራጭ አይግባበት።

ቶሎ ቶሎ የሚሠሩ

የስፌት መኪናው ስር የሚነጠፍ። 45 በ60 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የፊት ጠርዙ ላይ ኪስ ለመቀስና ለስፒል። ድምፅና ንዝረት ይቀንሳል፤ ኮንዶሚኒየምና አፓርታማ የምትኖሩ፣ የታችኛው ጎረቤት ያመሰግናችኋል። የመቀስ ሰገባ፦ ደረቁን ቁራጭ በሦስት ማዕዘን አጥፋችሁ አንድ ጎን መስፋት ብቻ። የመርፌ መጽሐፍ፦ 10 በ20 የሆነ ቁራጭ መሃሉ ላይ ታጥፎ፣ ውስጡ ከሱፍ የተቆረጠ ገጽ። የሙቅ ውኃ ላስቲክ ልባስ። የላፕቶፕ ማስገቢያ፣ እዚህ ፖሊስተሩ ምንም አይደል። ለጉልበት ማሳረፊያ፣ ለሚሰግድም ለአትክልተኛም ይሆናል፣ ሦስት ቁራጭ ተደርቦ።

ለሌሎች የሚሰጡ

አሜሪካና አውሮፓ የምትኖሩ በአካባቢያችሁ ያሉ የውሻና የድመት ማቆያዎችን ጠይቁ። ብዙዎቹ ትንንሽ ምንጣፍ ይቀበላሉ፣ ለእንስሳቱ መልካችን ጉዳያቸው አይደለም፣ የስፌታችን መንጋደድም እንዲሁ። ግን መጀመሪያ ደውሉ። አንዳንዱ ውስጡ ጥጥ ያለው አይፈልግም፣ ውሻ ይዘነጥለዋልና። አንዳንዱ መጠን ይወስናል። ቁልፍም ሆነ የተንጠለጠለ ክር አይኑርበት፤ በኃይለኛ ማጠቢያ ደጋግሞ የሚታጠብ ስለሆነ ጠርዙን ሁለት ጊዜ ስፉት።

የመርሳት ችግር ላለባቸው አረጋውያን የሚሠራ የጭን ጨርቅም አለ። እጃቸው የሚፈታተሸው ነገር ይፈልጋል። 40 በ50 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ቁራጭ ላይ አንድ ዚፕ፣ አንድ ኪስ፣ ቬልክሮ፣ ሪባን፣ ሸካራና ለስላሳ ጨርቅ ስፉበት። ለአገራችን አዛውንት ከሆነ የጥለት ቁራጭ ጨምሩበት። ጣታቸው የሚያውቀውን ሽመና ያገኛል። ማንኛውም ነገር ተጎትቶ እንዳይወጣና ወደ አፍ እንዳይሄድ አጥብቃችሁ ስፉ። የላሉ ቁልፎች አይሁኑ።

የማይቆረጡት

የተወሰኑትን አትንኩ። ማሽናችሁ በየትኛው ክር፣ በየትኛው መርፌ፣ በስንት ቁጥር የክር ውጥረት ጥሩ እንደሰፋ የሚያሳይ ቁራጭ ካላችሁ፣ በማይለቅ ብዕር እዚያው ጨርቁ ላይ ጻፉበት። ቀኑንም። በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በአንዱ ማዕዘን ቀዳዳ ሠርታችሁ በቀለበት ሰብስቧቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ያንን ክር ስታወጡ ከባዶ አትጀምሩም።

በጣም የከፉት ደግሞ ሁለተኛ ዕድል አላቸው። ጠቆር ባለና ወፈር ባለ ክር እዚያው ላይ ሌላ ንድፍ ደርባችሁ ተለማመዱ። ጨርቅና ጥጥ ሳትጨምሩ ሌላ ልምምድ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜም ድርቡ ከታች ያለውን ውጦ የራሱ መልክ ይኖረዋል። ደርቆ መርፌ ማሳለፍ ሲከብደው ለበርጩማው መሙያ አስቀምጡት።

ለሚቀጥለው ልምምድ

አሁን አዲስ መለማመጃ ስታዘጋጁ በልኩ ቁረጡት። 25 በ25 ሴንቲ ሜትር ለድስት መያዣ፣ 35 በ50 ለሳህን ማስቀመጫ ምንጣፍ ወይም ለቦርሳ፣ 35 በ35 ደግሞ ለሚገጣጠመው። ከዳር ዳር የሚበላሸው ይቆረጣል፣ መሃሉ ይቀራል። ፊቱን አቡጀዴ፣ ጀርባውን ቀለም ያለው የጥጥ ጨርቅ አድርጉት፤ አቡጀዴው ላይ ስፌታችሁ በደንብ ይታያል፣ ጀርባው ደግሞ ነገ የዕቃው ፊት ይሆናል። ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጋቢ ካላችሁ በጥጥ ንጣፍ ፈንታ መሃል አስገቡት። አንድ መደብ በቂ ነው፣ አራቱም ድርብ ከገባ መርፌው ይጨናነቃል። ንድፉን ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ውጭ ስፉ፣ ከጠርዙ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙ።